ጸጥ ያለ አልበም በጸጥታ መስማት አቃተኝ

ሌሊቱን ሠርቶ ጠዋት ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ከዓለም የሚጠይቀው ብዙ ነገር የለም። እኔ የምጠይቀው ከማንችስተር ተነሥቶ ኦልድሃምን አቋርጦ በሚያልፈው ቢጫ ትራም መስኮት ሥር ተቀምጬ አንድ አልበም ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው፣ ባለቤቶቹ በደረደሩት ተራ፣ ማንም ጣልቃ ሳይገባብኝ መስማት ብቻ ነው። ይህቺኑ ካጣሁ ወራት ተቆጠሩ፤ ዛሬ ጠዋት ግን ትዕግሥቴ ስለተሟጠጠ ብሶቴን እዚህ ልዘርግፈው፣ የሰለቸው ይለፈኝ።

አልበሙ ዴር የተባለው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው «ቢሊፍ» ነው፤ ከዚህ በታችም ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራለሁ። የባንዱ መሪና ድምፃዊ ዳረን ዋርተን የዚሁ የኦልድሃም ልጅ ሲሆን፣ በ1980 ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ከደብሊን የወጣውን ዝነኛ ባንድ ቲን ሊዚን በኪቦርድ ተጫዋችነት ተቀላቅሎ በ1983 እስኪበተን ድረስ አብሮ ቆይቷል። ቲን ሊዚዎች እሱ ከመግባቱ አንድ ዓመት ቀደም ብለው «ብላክ ሮዝ» በተባለው አልበማቸው ላይ የአየርላንድን የሕዝብ ዜማ በኤሌክትሪክ ጊታር አስጩኸውት ነበርና፣ ዋርተን በ«ቢሊፍ» ላይ የሚሰማውን የኬልቶቹን፣ ማለትም የአየርላንድና የስኮትላንድ ነባር ሕዝቦችን፣ ዜማ ከየት አመጣው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የገረመኝ ሌላ ነው፤ ያንኑ ዜማ ከዓመታት በኋላ በሹክሹክታ ማዜሙ ነው።

ዴር እንዲህ ሆኖ አልተጀመረም። በ1988 የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው በኪቦርድ የደመቀ፣ አዝማቹ ስታዲየም የሚሞላ ሮክ ነበር፤ በ1991 የመጣው «ብለድ ፍሮም ስቶን» ደግሞ ጊታሩን ጨምሮ አጠነከረው። ከዚያ ሰባት ዓመት ዝም አሉ። ዋርተን ወደ ሰሜን ዌልስ ተራሮች ሄዶ ሲኖር ዜማውም አብሮት ተለወጠ፤ ለውጡ በ1998ቱ አልበም ጀምሮ በ«ቢሊፍ» ላይ ሙሉ ለሙሉ ታየ። ድምፁ በጆሮ አጠገብ የሚያወራ ሰው ያህል ዝቅ ይላል፣ ጊታሩ እንደ ዋሽንት ረጅም ትንፋሽ ይዞ ይሄዳል፣ ኪቦርዱ ከኋላ እንደ ጠዋት ጉም ይተኛል። የመጀመሪያው ዘፈን ስም «ሳይለንት ተንደር» ነው፤ ድምፅ የሌለው ነጎድጓድ እንበለው። ከአየርላንድና ከስኮትላንድ የቆዩ ዜማዎች በርካታዎቹ እንደ እኛው ትዝታ በአምስት ድምፅ የሚሄዱ ስለሆኑ ይሁን አይሁን እንጃ፣ መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት የማላውቀው አገር ናፍቆኝ አንድ ፌርማታ አልፌ ወርጃለሁ።

እንግዲህ ወደ ብሶቴ ልግባ። መጀመሪያ አልበሙን ሙዚቃ በምሰማበት የስልኬ አፕ ውስጥ መፈለግ በራሱ ፈተና ነው። የባንዱን ስም ስጽፍ ሂዩማን ሊግ የተባለው የሼፊልድ ባንድ በ1981 ያወጣው አልበም ይመጣል፤ ስሙ ያው ዴር ነው። ከሱ ሥር ጎሪላዝ በ2005 ያወጡት ዘፈን ይከተላል፤ እሱም ዴር ነው። የአልበሙን ስም ስጽፍ ደግሞ፣ እምነት የሚል ቃል በዓለም ላይ ስንት መዝሙርና ስንት ስብከት እንደተሰየመበት አስቡት። ሌሊቱን ሙሉ ሣጥን ሲያነሣ ባደረ አውራ ጣት ይህን ሁሉ አልፌ ሽፋኑን ሳገኝ ትራሙ ግማሽ መንገድ ሄዷል።

ከዚያ ሻፍል የሚባለው መቅሠፍት ይመጣል። በእኔው አፕ በነፃ የሚጠቀም ሰው ተራውን መምረጥ አይችልም፤ አፑ እንዳሻው እያደባለቀ ያጫውትለታል፤ ይባስ ብሎም «ሳትወደው አትቀርም» እያለ የሌላ አልበም ዘፈን ይሰነቅርለታል። ትናንት አንዱ ለስላሳ ዘፈን ቀስ ብሎ አልቆ፣ የመጨረሻው የኪቦርድ ድምፅ ገና ሳይጠፋ፣ ከ1991ዱ አልበም የተመዘዘ ከበሮ ጆሮዬ ላይ ፈነዳ። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት እስክትዞር ድረስ ዘለልኩ። የአንድ ባንድ ሥራ ቢሆኑም በመካከላቸው አሥር ዓመት አለ፤ ሰውየው ያን አሥር ዓመት ድምፁን ዝቅ ለማድረግ ሲለፋበት ኖሮ፣ ማሽኑ በአንዲት ሰከንድ መልሶ አስጮኸው። ማስታወቂያውማ አይነሣ! ሙዚቃው ጸጥ ያለ ስለሆነ ድምፁን ከፍ አድርጌ ነው የምሰማው፤ ስለ መኪና ኢንሹራንስ የሚጮኸው ሰውዬ ታዲያ በዚያው ከፍታ ይገባል። መኪና የለኝም።

ክፈልና ተገላገል የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ከፍያለሁ። ለአንድ ወር ማስታወቂያው ቆመ፣ ተራውም ተስተካከለ፤ ግን የአልበሙ የመጨረሻ ዘፈን ባለቀበት ቅጽበት፣ ሰው ዝም ብሎ መስኮቱን ማየት በሚፈልግበት በዚያች ጊዜ፣ አፑ ሳልጠይቀው የሰማንያዎቹን ጸጉረ ረጃጅም ጯሂዎች አስከተለብኝ። ሁሉም «ሮክ» በሚል አንድ መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋልና ለእሱ ልዩነት የላቸውም። ማጥፊያው የሆነ ቦታ አለ ብለውኝ ሦስት ጊዜ አጥፍቼው ሦስት ጊዜ ራሱን መልሶ አበራ። ለእንዲህ ዓይነቱ ንቀት በየወሩ አልከፍልም ብዬ ተውኩት።

ሰዎቹም ከማሽኑ አይሻሉም። አብሮኝ የሚሠራ አንድ እንግሊዛዊ የሮክ አፍቃሪ የባንዱን ስም ስጠራለት «ያ የፊዚክስ ፕሮፌሰሩ የነበረበት አይደል?» አለኝ። ልክ ነው፤ ዛሬ በማንችስተር ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረውና በቴሌቪዥን ስለ ከዋክብት የሚተርከው ብራያን ኮክስ በመጀመሪያዎቹ ሁለት አልበሞች ኪቦርድ ተጫውቷል። በ«ቢሊፍ» ላይ ግን የለበትም፤ እኔም ስለ እሱ አላነሣሁም። ሰውየው ቀጠለና «ከ1991 በኋላ እንቅልፍ ወሰዳቸው» ሲል ፈረደ። ያገሬ ልጅ የሆነው ጓደኛዬ በበኩሉ ማዳመጫዬን ለአንድ ደቂቃ ጆሮው ላይ አድርጎ «ይሄ ደግሞ ምኑ ነው ሮክ?» ብሎ መለሰልኝ። ለአንዱ ሮክነቱ አነሰ፣ ለሌላው ጭራሽ አልታየውም። ድምፁን ያላነሣ ሁሉ የሚለው ያለቀበት የሚመስላቸው ሰዎች መካከል ነው የምኖረው፤ ሥራ ቦታም እንደዚያው ነው፣ እሱን ሌላ ቀን እመጣበታለሁ።

ባለፈው ወር ፈጣሪ የሰማኝ መስሎኝ ነበር። ያገለገሉ ዕቃዎች በሚሸጡበት አንድ የበጎ አድራጎት ሱቅ የሲዲ ቅርጫት ስበረብር ራሱን አልበሙን በ1 ፓውንድ አገኘሁት። የፕላስቲክ ክዳኑ ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል፣ ዲስኩ ግን አንድም ጭረት የለውም። በኪሴ ይዤው ስሮጥ ቤት ደረስኩ፤ ከደረስኩ በኋላ ነው ቤቴ ውስጥ ሲዲ የሚያጫውት አንድም ዕቃ አለመኖሩ ትዝ ያለኝ። ላፕቶፔ ቀጭን ነው ተብሎ የተሸጠልኝ ለካ መክተቻውን አስወጥተው ነው። ሲዲው ፍሪጁ ላይ ተቀምጦ አቧራ ሲጠጣ ከረመ።

ትናንት ማታ ከታች ፎቅ የሚኖሩት አገር ቤት የሚያውቁኝ እናት አሮጌ የካሴትና የሲዲ ማጫወቻ እንዳላቸው ትዝ ብሎኝ ወረድኩ። ማጫወቻው በዳንቴል ተሸፍኖ ከሥዕለ አድኅኖው ሥር ተቀምጧል፤ እሑድ እሑድ የመዝሙሩ ድምፅ እኔ ቤት ድረስ የሚወጣው ከእሱ ነው።

«እማማ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ ያውሱኝ» አልኳቸው።

ሲዲውን ተቀብለው ሽፋኑን ገልበጥ አድርገው አዩትና «መዝሙር ነው?» አሉኝ።

ስሙ እምነት ማለት ነው ልላቸው ቃጣኝ፤ ግን እሳቸውን መዋሸት አልሆነልኝም። ዘፈን መሆኑን፣ ሆኖም በጣም ጸጥ ያለ መሆኑን ነገርኳቸው።

«ጸጥ ቢልም ዘፈን ዘፈን ነው፤ ሁዳዴ ላይ ነን እኮ ልጄ። ለፋሲካ ና፣ ቡና አፍልቼ አብረን እንሰማዋለን» ብለው ሲዲውን መለሱልኝ።

ፋሲካ ገና አምስት ሳምንት ይቀረዋል።