የፋግታ ገበሬ ምን አነሰው?

ሰሞኑን እዚህ ሆላንድ አንድ ክርስትና ላይ ተጠርተን "ፈረንጅ ያስባል፣ የእኛ ገበሬ አባቱ ያደረገውን ይደግማል" ሲባል ሰማሁ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ወሬው የተነሳው በናይሜኸን ከተማው ወንዝ፣ በዋል ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የአገሪቱ ወንዞች ሞልተው ሩብ ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ ቤቱን ለቆ ወጣ። ድሮ ቢሆን መልሱ በወንዙ ዳርና ዳር ያለውን ግድብ ከፍ ማድረግ ነበር። እነሱ ግን ውሃውን እንዴት እናቁመው ማለቱን ትተው የት እናሳልፈው አሉ። ናይሜኸን ላይ ግድቡን 350 ሜትር ወደ ኋላ አፈግፍገው ለወንዙ ሌላ መሄጃ ቆፈሩለት። ባየሁት ቁጥር እገረማለሁ፣ አልክድም።

ግን እኮ ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በመኪና ያለፈ ሰው ይህንኑ ጥበብ በዓይኑ አይቷል! የአዊውን ወረዳ፣ ፋግታ ለኮማን ነው የምላችሁ። መሬቱ አሲዳማ ሆኖ እህል እምቢ አለ። ማዳበሪያውም የልፋቱን አይሰጥም። አሲዱን እንዲያበርድ ኖራ በትኑ ቢባል ለአንድ ሄክታር ስንት ኩንታል ተጭኖ ይዘለቃል? ገበሬው ታዲያ "ይህ መሬት እህል ካልሰጠኝ ሌላ ምን ይሰጠኛል?" ብሎ ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ዛፍ ተከለ። አተካከሉን ልብ በሉልኝ። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙና ጤፉ አንድ ማሳ ላይ አብረው ያድጋሉ፣ ለጤፉ የታረሰውና የታረመው ለችግኙም ይሆናል። ከዚያ በዛፎቹ መሃል የበቀለውን ሣር ለከብቱ ያጭዳል። በአራት በአምስት ዓመቱ ቆርጦ ያከስለዋል፣ ከሰሉ በአይሱዙ ተጭኖ አዲስ አበባ ይገባል። ዛፉ ናይትሮጅን ሲሰጠው የከረመው መሬት ላይ እንደገና ጤፍ ይዘራል። አንድ መሬት እህል፣ መኖ፣ ከሰል!

አጎቴ ጋ ደውዬ ማን አስተማራችሁ አልኳቸው።

"ማን ያስተምረናል ልጄ፣ የጎረቤትን አይተን ነዋ" አሉኝ።

በቅርብ ዓመታት ዛፉን በሽታ መትቶታል፣ ብዙ ሰውም ከስሯል። የሚያናድደኝ ይህን ይዞ "ድሮስ እህል መሬት ላይ ዛፍ ይተከላል?" የሚለው ሰው ነው። እህሉን እምቢ ያለው እኮ መሬቱ ነው! እኛማ ለዓመት በዓል ስንገባ ባሕር ዳር ለመድረስ ስለምንጣደፍ ያንን ሁሉ ጫካ ባሕር ዛፍ ነው ብለን እናልፈዋለን።

ክርስትናው ላይ የነበራችሁ ወገኖቼ፣ ዘንድሮ አገር ቤት ከገባችሁ እባካችሁ የፋግታ ከተማ አዲስ ቅዳም ላይ ከመኪና ውረዱ። ገበሬውን አግኙት። ዛፉ ከታመመ ወዲህ ያንን መሬት ምን ሊያደርገው እንዳሰበ ጠይቁትና የሚላችሁን ለእኔም ንገሩኝ።