የሚጎዳው እንፋሎቱ ሳይሆን ብረቱ ነው
የእንፋሎት ፒያስትራ (እንፋሎት እያወጣ ፀጉርን የሚተኩስ መሣሪያ) ፀጉርን ስለሚያረጥብ አይጎዳም የሚለው፣ በአንድ ጽሑፍ ላይ ያነበብኩት ሐሳብ፣ ባሕር ዳር ውስጥ በፀጉር ሥራ ለምተዳደር ሰው አሳሳቢ ነው። እንፋሎቱ ከ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ብዙም አይርቅም፤ ፀጉሩን ጨብጦ የሚያስተካክለው ብረት ግን ብዙ ጊዜ ከ180 እስከ 230 ዲግሪ ይግላል። እርጥብ ፀጉር በዚህ ሙቀት ሲያዝ በውስጡ ያለው ውኃ ፈልቶ አረፋ የመሰለ ክፍተት ስለሚፈጥር፣ ፀጉሩ ከዚያው ቦታ ላይ ይበጠሳል። ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ፣ የ60 ሴንቲ ሜትር ፀጉር ጫፍ 5 ዓመት ያህል ሙቀትና ማበጠሪያ የተፈራረቀበት ነው። ባለፈው ክረምት የአንዲት ደንበኛዬን ፀጉር ጫፍ በጣቶቼ መካከል ሳሳልፈው እንደ ደረቅ ሣር ሲንኮሻኮሽ ሰምቼ በእውነት አዝኛለሁ፤ የክረምቱ እርጥበት የተተኮሰውን ፀጉር በማግስቱ ስለሚያጠቀልለው በየጠዋቱ ትደግመው ነበር። ቅባት ተቀብተን ከሥሩ የምንቀመጥበት ስቲም ግን ፀጉሩን የሚነካ ብረት ስለሌለው ጉዳዩ ሌላ ነው። ፒያስትራውን መተው ለማትችል እኅት ግን ፀጉሯን በሚገባ አድርቃ፣ ሙቀቱን ከ180 ዲግሪ በታች አድርጋ፣ በአንድ ቦታ ላይ ሳትደጋግም እንድትጠቀም እመክራለሁ።