ማስተካከያ፦ ስለ ቴሌግራፉ ስኮላርሺፕ

ደሴ የጆርናሊዝም ተማሪዎች ግሩፕ ላይ «የለንደኑ ቴሌግራፍ ከመርሰር ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የዲጂታል ሚዲያ ስኮላርሺፕ ከፈተ» እየተባለ የሚዞረው ስክሪንሾት ልክ አይደለም። ጋዜጣው የለንደኑ ሳይሆን አሜሪካ ጆርጂያ ውስጥ የሜከን ከተማ ጋዜጣ ነው፣ ስሙ ነው ያምታታው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ከዩኒቨርሲቲውና ከጆርጂያ ፐብሊክ ብሮድካስቲንግ (የግዛቱ ሕዝባዊ ሬዲዮና ቴሌቪዥን) ጋር የጋራ የጋዜጠኝነት ማዕከል ከፈቱ፣ ጋዜጠኝነትን የሚደግፈው የአሜሪካው ናይት ፋውንዴሽን ሚሊዮን ዶላሮችም የወጡት ለዛ ማዕከል ነው እንጂ ከወሎ ለሚሄድ ሰው ትኬት አይደለም ወገን። ሐሳቡ ግን ያስቀናል፣ የሕክምና ተማሪ ሆስፒታል ገብቶ እንደሚማረው የመርሰር ተማሪዎች ከጋዜጠኞቹ ጋር ኒውስሩም (የዜና ክፍል) ውስጥ እየዋሉ ዘገባ እንዲሠሩ ነበር። እና ፒያሳ «ፎርም ልሙላላችሁ» እያለ ብር ለሚቀበለው ልጅ እንዳትከፍሉ፣ የከፈላችሁም ሄዳችሁ ብራችሁን ጠይቁት።