የፍሬን ዘይት ተኖ አያልቅም

ጅማ ያለ የፊያት 124 ስፓይደር ባለቤት የፍሬን ዘይቱ በየሳምንቱ እንደሚቀንስ፣ ጎማዎቹ ሥር ግን ጠብታ እንደሌለ ጠይቀው «ሙቀት ነው፣ ይተናል፣ እየሞሉ ይንዱ» ተብለዋል። ስህተት ነው። የፍሬን ዘይት ተኖ አያልቅም፤ እንዲያውም እንደ ጅማ ክረምት ባለ እርጥብ አየር ውሃ ይስባል። የፍሬን ሸራ ሲያልቅ የዘይቱ መጠን ዝቅ ይላል፤ እሱ ግን በወራት እንጂ በሳምንት አይታይም።

ጠብታ ከሌለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ፓምፕ) የኋላ ጎሚኒ ነው። እሱ ሲበላ ዘይቱ መሬት ሳይደርስ ሰርቮው (በሞተሩ የመሳብ ኃይል ፔዳሉን የሚያግዘው ክብ ቆርቆሮ) ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል። ማስተሩን ከሰርቮው ጋር ያሰሩትን ዳዶዎች ፈትተው፣ ቱቦዎቹን ሳይነቅሉ (የብረት ናቸው፣ እንዳይታጠፉ) በጥቂቱ ወደ ፊት ይሳቡትና ጀርባውን በነጭ ጨርቅ ይጥረጉ። ደረቅ መሆን አለበት። ከሥሩ ያለው ቀለም አብጦ ከተላጠም ምስክር ነው፤ ይህ ዘይት ቀለም ይበላል። ከጭስ ማውጫው ወፍራም ነጭ ጭስ ከወጣ ደግሞ ሞተሩ ዘይቱን በሰርቮው ቱቦ እየሳበ እያቃጠለው ሊሆን ይችላል።

ጀርባው ደረቅ ነው? በየጎማው ሸራውን የሚጫኑትን ካሊፐሮችና የላስቲክ ቱቦዎቹን በውሃ አጥበው ያድርቁ፤ ከዚያ ሰው ፔዳሉን አንድ ደቂቃ አጥብቆ ይርገጥ። ያገኙትን እርጥበት ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጠብ ያድርጉት፦ የፍሬን ዘይት ይቀላቀላል፣ የሞተር ዘይት ይንሳፈፋል።

የሞተር ዘይት መጨመርማ ጭራሽ! ጎሚኒዎቹን ሁሉ ያሳብጣል። ዶት 4 የተባለውን የፍሬን ዘይት ይሙሉ፤ ፍሳሹ ሳይዘጋ ግን የጊቤን ቁልቁለት አይሞክሩት።