ቦሎው ተለጥፏል፣ ፍሬኑስ?

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። መጀመሪያ ግን ራሴን ላጋልጥ፤ ያለዚያ አትሰሙኝም።

ባለፈው ዓመት ቦሎ ላሳድስ ስል የፊት ጎማዎቼ ራሰ በራ ሆነው ነበር። ምን አደረግኩ? ጎረቤቴ ዘንድ ሄጄ ጎማ ተዋስኩ። የእሳቸውም መኪና ቪትዝ ነው፣ የእኔም ቪትዝ። ማታ በክሪክ አንስተን ቀየርን። ጠዋት ምርመራ ገባሁ፣ አለፍኩ፣ ከሰዓት በኋላ ጎማቸውን መለስኩ። የእሳት ማጥፊያውም የእሳቸው ነበር።

በዚያው ሰሞን ማታ ማታ ምን እሠራ ነበር መሰላችሁ? ጠረጴዛ ላይ ተደፍቼ፣ ዓይኔ ላይ ማጉያ ሰክቼ፣ አንዲት አሮጌ ሴኮ ፋይቭ የእጅ ሰዓት እነካካለሁ። በቀን 20 ሰከንድ ትቀድማለች ብዬ እንቅልፍ አጥቻለሁ። አንድ ቀን 86,400 ሰከንድ ነው። ሃያ ሰከንድ ከ4,320 አንድ እጅ መሆኑ ነው። ፋብሪካው ራሱ ለእንዲህ ያለ ሰዓት ከዚያ የበለጠ ስህተት ይፈቅዳል። እኔ ግን አልፈቀድኩም።

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንዲት ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ልጅ ዘሎ መንገድ ሲገባ፣ አይቼ እግሬ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ የምታልፈው ሰከንድ ያቺ ናት። ከዚያ በኋላ ያለው የጎማውና የፍሬን ሸራው ሥራ ነው። ስለ ሰከንድ እንዲህ የምጨነቀው ሰውዬ ጎማዬን አላየሁም።

ብቻዬን ብሆን ኖሮ ዝም እል ነበር። ግን ስንቶቻችን ነን? አንዱ ስኮርታውን ይዋሳል። ሌላው የማይበራውን ፍሬቻ ለዚያች ቀን ብቻ በሽቦ አስሮ ያበራል። አንዱ ደግሞ እጁን ሳያቆሽሽ በደላላ "የሻይ" ይልክና ቤቱ ቁጭ ብሎ ያልፋል። ከዚያ ቡና ላይ ተቀምጠን መርማሪዎቹን እናማለን። ተቀባዩ ሌባ ከሆነ ሰጪው ምን ሊባል ነው?

የአሮጌ ሰዓት ገበያ የሚያውቅ አንዲት ተንኮል ያውቃል። ሻጩ ገዢ ሲመጣ ሲያይ ሰዓቱን ነቅነቅ ነቅነቅ ያደርግና ቆጣሪዎቹን ከስልኩ ጋር ያስተካክላል። እጅህ ላይ ሲያስርልህ ልክ ነው። ቤት ስትደርስም ልክ ነው። በነጋታው ግን ግማሽ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። ከላይ አዲስ ቀለም ተቀብቷል፣ ከስር ጥርሱ ዝጓል። ይህን የሠራብንን ሰው አጭበርባሪ እንለዋለን። እኛስ በምርመራ ቀን የምንሠራው ሌላ ነው? ሰዓት ሻጩ እንኳ የሚያታልለው ሰውን ነው። እኛ ያጭበረበርንበትን መኪና ራሳችን ይዘነው፣ ልጆቻችንን ከኋላ ጭነን ትምህርት ቤት እናደርሳለን።

ስለ ሰዓት ካነሳሁ አይቀር፣ ለእንደኔ ዓይነቱ የቤት ውስጥ ሰዓት ሰሪም ተግሳጽ አለኝ። መነካካት የጀመርኩ ሰሞን የአጎቴን ሴኮ ከፈትኩ። ደህና ይሠራ ነበር፤ ትንሽ ላጽዳው ብዬ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባል የለ? አንዲት ከቅንድብ ፀጉር የማትረዝም ሞላ ከወረንጦዬ አፈትልካ ጠፋች። ምንጣፉን በጉልበቴ እየዳህኩ፣ ከተበላሸ ስፒከር ባወጣሁት ማግኔት ፈልጌ አገኘኋት። ማግኔቱን ግን ሰዓቱ አጠገብ ረስቼው አደርኩ። በዚያ ላይ ከእናቴ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አደረግኩበት። ሰዓቱ እንደ እብድ መሮጥ ጀመረ።

ፒያሳ በረንዳ ላይ ያረጁ አንድ ሰዓት ሰሪ ዘንድ ወሰድኩት። ከፍተው አዩና ዝም አሉ።

"ማን ነካው?"

"እኔ ነኝ አባባ።"

"ዘይቱስ?"

"የሲንጀር።"

"ሲንጀር ነው እንዴ ይሄ?"

ሌላ አልተናገሩኝም። የኋላ ክዳኑን ገልብጠው ውስጡን አሳዩኝ። በመርፌ የተጫሩ ጥቃቅን ቁጥሮች አሉበት። ሰዓት ሰሪ ሰዓት ከፍቶ ሲሠራ ቀኑን ወይም የራሱን ምልክት ከክዳኑ ውስጥ መጫሩ የቆየ የሙያው ልማድ ነው። ባለቤቱ አያየውም። የሚያየው ቀጥሎ የሚከፍተው ሰሪ ብቻ ነው። የአጎቴ ሰዓት ላይ ሦስት ነበሩ፤ ሁለቱ የእሳቸው የራሳቸው። ሠርተው ሲጨርሱ አራተኛውን ጫሩ። እኔ የነካሁት ግን አንድም ቦታ አልተጻፈም።

በዚያን ጊዜ አፈርኩ። እኛ ምልክታችንን የምንለጥፈው መስታወት ላይ ነው፣ ትራፊክ ፖሊስ እንዲያየው። ከስር ምን እንዳለ ምልክት የሚጭር የለም።

(ሳልረሳው፤ ከ1960ዎቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በፊት የተሠሩ፣ በጨለማ ያበሩ የነበሩ ሰዓቶች ካሏችሁ ቀለሙን እንዳትፍቁት። ብዙዎቹ ላይ የተቀባው ራዲየም ነው። ብርሃኑ ቢጠፋም ጨረሩ አልጠፋም፤ በግማሽ ለመቀነስ እንኳ 1,600 ዓመት ይፈጅበታል። ብናኙን መተንፈስ አደጋ ነው። ክዳኑን ዝጉና አስቀምጡት።)

ወደ መኪናው ልመለስ። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ከወጣ ቆይቷል። ሕግ አላጣንም። ምርመራውን ግን እንደ ግብር አየነው። ተከፍሎ የሚያልፍ ነገር አደረግነው። ምርመራ ማለት እኮ ሌላ ሰው ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ "እስቲ ልይልህ" ማለቱ ነው። እኔ ለሰዓቴ ሲያደርጉልኝ ከፍዬ አመሰግናለሁ። ለመኪናዬ ሲያደርጉልኝ አሳብቤ እሸሻለሁ።

የፍሬን ዘይትን እንውሰድ። ስንቶቻችሁ ቀይራችሁት ታውቃላችሁ? ሲጎድል መጨመር አላልኩም፣ መቀየር ነው ያልኩት። ይህ ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ውኃ የገባበት ዘይት ደግሞ ፍሬኑ ሲግል ቶሎ ይፈላል፣ አረፋ ይሆናል። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ መውረድ ስትጀምሩ ማርሽ ሳትቀንሱ እግራችሁን ፍሬን ላይ ጭናችሁ ብትወርዱ፣ ድልድዩ ሳይታይ ፔዳሉ ወለል ይነካል። "ፍሬን እምቢ አለኝ" ይላል ከተረፈ። ፍሬኑማ ሲለምነው ከርሟል። ካልተረፈ ደግሞ ለቅሶ ቤት "ቀኑ ደርሶ ነው" እንላለን። ይህን አባባል እባካችሁ እንተወው። በየሁለት ዓመቱ መቀየር የነበረበት ዘይት ስድስት ዓመት ሲቆይ፣ እግዜርን ምን አገባው?

ጎማም እንዲሁ ነው። ጎኑ ላይ "ዶት" ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ አቆጣጠሩ የፈረንጅ ነው። ጥርሱ ደህና ቢመስልም እርጅና ይሰነጥቀዋል። ውረዱና እዩት። ሳይቃጠል በቅጠል የሚል ሕዝብ ጎማውን አያይም ማለት ይከብደኛል።

ውድ ነው ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ፣ እኔም ደሞዝተኛ ነኝ። የጎማ ዋጋ ስጠይቅ ራሴን ይዞኛል። ግን እውነቱን እንነጋገር። በዚያው ዓመት ሁለት አሮጌ ሰዓትና አንድ የቆዳ ማሰሪያ ገዝቻለሁ። እናንተም የራሳችሁ ሰዓት አላችሁ፤ አንዱ የሚያምር ቴፕ አስገብቷል፣ አንዱ ወንበሩን ቆዳ አልብሷል። ብሩ የለም ሳይሆን ወደዚያ ሄዷል።

እኔ ሰዓቶቹን ሸጬ ሁለት ጎማ ገዛሁ። የአጎቴን ግን አልሸጥኩም፣ አታስቡት።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ በሩን አንኳኩ። የእሳቸው ቦሎ ተራው ደርሷል። ጎማቸው በተራው አልቋል፤ የእኔ አዲስ ነው።

"ለአንድ ቀን ነው ልጄ፣ ታውቀው የለ።"

"ጎማውን አላውስዎትም ጋሼ። ጎሚስታ ጋ ግን አሁኑኑ አብሬዎት እሄዳለሁ።"

"አንተ እኮ አምና..."

"አዎ፣ አምና አድርጌዋለሁ።"

ሳይሰናበቱኝ ሄዱ። ሦስት ቀን ሰላምታቸው እንደ ሐምሌ ጠዋት ቀዝቃዛ ነበር። በአራተኛው ቀን በአጥሩ በኩል ሳይ የፊቶቹ ጎማዎች አዲስ ናቸው። የኋላዎቹን ለሚቀጥለው ወር ብለዋል። እኔም እየቆጠርኩላቸው ነው።