ቆጣሪዎቻችንን ዕድሜ ይስጥልን

ግንቦት አልቆ ሰኔ ሲጠባ ጎጃም ውስጥ እንቅልፍ የሚያጣው ሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንዱ ዝናቡ ሳይጠናበት ማሳውን ደጋግሞ ለማረስ የሚጣደፈው ገበሬ ነው። ሌላው ወሩን ሙሉ ያነበበውን፣ ያየውንና የሰማውን ቆጥሮ ለሕዝብ የሚያሳውቀው ወንድማችን ነው። ገበሬውን ለጊዜው እንተወው፤ አጨብጫቢ ማጣትን ለምዶታል። የዛሬው ምስጋና ለቆጣሪው ነው።

ያላየ የለም መቼም። በ30ኛው ቀን ማታ ስልካችሁን ስትከፍቱ ተደርድሮ ይጠብቃችኋል፦ መጽሐፍ 14፣ ፊልም 22፣ ተከታታይ ድራማ 3 ሲዝን፣ ፖድካስት 41 ክፍል፣ ሙዚቃ «ስፍር ቁጥር የለውም»። ከሥር ደግሞ በትሕትና «ግንቦት ላይ ትንሽ ተዘናግቻለሁ፤ በሰኔ እክሳለሁ» ይላል። ማን ጠየቀው? ማንም። ጨዋ ሰው ሒሳቡን የሚያቀርበው ሳይጠየቅ ነው። ስንቱ ሒሳብ ሳይወራረድ ዓመት በሚያልፍበት አገር፣ የገንዘብ ባይሆን የፊልም፣ በየወሩ ሪፖርት የሚያቀርብ ዜጋ ማግኘት መታደል ነው።

ነገሩ ቢደንቀኝ እስክሪብቶ አንስቼ ደመርኩት። ፊልሙ አንዱ 2 ሰዓት ቢሆን 44 ሰዓት ነው። ፖድካስቱን በትንሹ በ1 ሰዓት ብንይዘው 41። መጽሐፉ፣ አንዱን በ8 ሰዓት ይጨርሰዋል ብለን እንኳ ብናደላለት፣ 112። ድራማው ሳይነካ 197 ሰዓት ሞላ። ወንድማችን ደግሞ ሥራ ፈት አይደለም፤ ጠዋት 2፡30 ፈርሞ ገብቶ 11፡30 የሚወጣ ሠራተኛ ነው። ስሌቱ አልገጥም ብሎኝ ሳወጣና ሳወርድ ቆይቼ ነው የገባኝ። ለካ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ነገ ተመለሱ» ስንባል የከረምነው በከንቱ አልነበረም። ፋይላችን የጠፋው 3ኛው ሲዝን መሐል ላይ ነው። ለባህል የተከፈለ መሥዋዕትነት ስለሆነ ቅር አይበለን።

አነባበቡስ ቢሆን! ማርቆስ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ካፌ ጎራ በሉና ጥግ ይዛችሁ ታዘቡ። መጀመሪያ ማኪያቶ ይታዘዛል። ማኪያቶው ሲመጣ መጽሐፉ ከቦርሳ ወጥቶ ከጎኑ ይጋደማል። የስኳሩ ዕቃ ገፋ ይደረጋል፤ ሶፍቱ ይነሳል፤ መነጽር ያለው መነጽሩን አጥፎ ሽፋኑ ላይ ጣል ያደርጋል። አረፋው ከመጥፋቱ በፊት ባለቤቱ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ከላይ ወደ ታች ፎቶ ያነሳል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዱ ጥላ ስላጠላበት አራት። ከዚያ መጽሐፉ ወደ ቦርሳ፣ ዓይን ወደ ስልክ። «ጨረስክ?» ትለዋለች አስተናጋጇ ጠረጴዛውን እያየች። የቱን እንደሆነ አትናገርም።

ከሁሉ ከሁሉ አፌን ያስያዘኝ ግን አንድ ተወልዶ ያደገው እዚሁ ማርቆስ የሆነ ልጅ ነው። በግንቦት ዝርዝሩ 9ኛ ተራ ላይ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አስፍሯል። ደስ አይልም? ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. የተወለዱት እዚሁ ጎዛምን፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ጎጃምን ረግጦ የማያውቅ ሰው ማንኩሳንና ዲማን በስም የሚያውቀው በእሱ ነው። የአገሩ ልጅ ደግሞ ይኸው አነበበው። በስንት ቀን ጨረስከው ብለው ትከሻውን ሰበቀ። «19 ደቂቃ ነው። ባጭሩ የሚተርከው ቪዲዮ አለ። በእጥፍ ፍጥነት ስታደርገው 9 ደቂቃ ተኩል ይሆንልሃል።»

ከ500 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ በ9 ደቂቃ ተኩል! ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ቀጣዩን ክፍል ለመስማት ሳምንት ሙሉ የጠበቀ፣ የጎረቤት ሬዲዮ ሥር የተኮለኮለ፣ ትረካው ሲያበቃ ሆድ ብሶት ወደ ቤቱ የሄደ ስንት ሥራ ፈት ትውልድ ነበር። ልጁ ውጤትም ሰጥቶታል፤ ከ10፣ 7። 3 ነጥብ የቀነሰው «ትንሽ ይንዛዛል፣ መጨረሻውም ኔጌቲቭ ነው» ብሎ ነው።

እውነቱን ነው። ይህ ፍጥነት ያኔ ቢኖር ኖሮ ስንት መከራ በቀረ። በዛብህ ከማንኩሳ ወጥቶ ጉባኤ ለጉባኤ ሲንከራተት ዕድሜውን ባልፈጀ፤ ቅኔውን በእጥፍ ፍጥነት አዳምጦ፣ ሰርተፍኬቱን በስልኩ ተቀብሎ፣ ለምሳ እናቱ ቤት በደረሰ። ሰብለ ወንጌልንም ሲያስተምር በ9 ደቂቃ ተኩል ጨርሶ «ሰብስክራይብ ማድረግ እንዳትረሺ» ብሎ ይወጣል። ለመፋቀር የሚተርፍ ጊዜ የለም። ካልተፋቀሩ ፊታውራሪ መሸሻ በምን ይቆጣሉ? ሰብለስ ተደብቃ ወጥታ የዓባይን በረሃ ምን ብላ ታቋርጣለች? «ያለህበትን ሎኬሽን ላክልኝ» ነው በቃ። ጉዱ ካሣን ደግሞ አስቡት። ያ ሁሉ ትችት፣ ያ ሁሉ ብቻውን ማጉረምረም፣ ማይክራፎን ቢያገኝ በሳምንት ሁለት ክፍል ይወጣው ነበር፤ እብድ ያለው ሁሉ «ምርጥ እንግዳ» ይለዋል፤ በየመሐሉ የፍራሽ ማስታወቂያ ይገባለታል። መጽሐፉም ፍቅር እስከ ክፍል 2 ተብሎ ያበቃል። ማንም አይሞትም። ልጁም 10 ከ10 ይሰጠዋል።

ጎጃም እኮ ከጥንትም በዚህ በኩል ወደ ኋላ የቀረ አገር ነው። የቅኔ ተማሪውን ውሰዱት። ደበሎውን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተናከሰው ቁራሽ ለምኖ፣ ዋሸራና ጎንጅ ድረስ በእግሩ ሄዶ ምን ያገኛል? ጉባኤ ቃና። ስንት ቤት? 2 ቤት። ለዚያች 2 ቤት ቀኑን ሙሉ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሲያሰላስል ይውላል። ማታ መምህሩ ፊት ሲቀርብ ደግሞ «ይህ አይሆንም፣ ሂድና አስበው» ይባላል። የዚያ ልጅ የወር ሪፖርት ምን ሊመስል ነው? «ግንቦት፦ ጉባኤ ቃና 1፤ ያውም ተመልሷል።» በዚህ ውጤት ማን ይከተለዋል!

ፊልሙም ከዚህ አይለይም። ከ22ቱ ስንቱ ሙሉውን ታየ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። «ይህ ሰውዬ ሚስቱ ተገድላበታለች፤ አሁን ገዳዩን እየፈለገ ነው» የሚል ድምፅ 7 ደቂቃ ውስጥ ሁሉንም ይዘረግፈዋል። ተዋናዩ ስም የለውም፤ «ይህ ሰውዬ» ነው። ከተማው ስም የለውም። ዳይሬክተር የሚባል ፍጥረትም አልነበረም። በሌላ በኩል ወደ አማርኛ የተመለሰውን የቱርክ ድራማ አንድም ክፍል ሳያልፋቸው የሚከታተሉ፣ የአማትየዋን ተንኮል ከአቦል እስከ በረካ ሲተነትኑ የሚያመሹ እናቶች በየሰፈሩ አሉ። የትኛው ገጸ ባሕርይ የት ላይ እንደተለወጠ ጠይቋቸው፣ ይነግሯችኋል። ቆጣሪያችን ግን «የሴቶች ድራማ አልወድም» ባይ ነው።

ሙዚቃን በሰዓት እንለካ ከተባለ ዋንጫው የባጃጅ ሾፌር ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት ሲያደምጥ ይውላል፤ የወደደው ሲመጣ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ሲያልቅ መልሶ ይከፍተዋል፣ ተሳፋሪ ቢቆጣም ይደግመዋል። የማሲንቆው ምት የት ላይ እንደሚታጠፍ መሪውን በጣቱ እየመታ ያሳያችኋል። ዝርዝር ሲያወጣ ግን አላየሁም። መሃይም!

ፖድካስቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ያስፈልጋል። ሁለት ጎረምሶች፣ ከፊታቸው የሚተልቁ ሁለት ማይክራፎኖች፣ መሐላቸው የፕላስቲክ አበባ። የዕለቱ ርዕስ፦ «ከሌሊቱ 11 ሰዓት የሚነሱ ሰዎች ምስጢር»። 2 ሰዓት ይፈጃል። ማይንድሴት አለ፣ ዲሲፕሊን አለ፣ ከምቾትህ ውጣ አለ። የኛ ወንድም ይህን አልጋው ውስጥ ሆኖ፣ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ፣ ራሱን በአንሶላ ሸፍኖ ያዳምጣል። እኔ ደግሞ እንደ ሰነፍ ሰው ማቻከል ወርጄ አንድ አዛውንት ገበሬ ጠየቅሁ። በ11 ሰዓት በሬያቸውን እየነዱ ወጥተዋል። ምስጢሩ ምንድን ነው፣ አባቴ? ብላቸው ግራ ገባቸው። «ምን ምስጢር አለው ልጄ፤ ፀሐዩ ሲወጣ በሬው ይደክማል» አሉኝ። አየሽ አገሬ፣ 2 ሰዓት ሊፈጅ የሚችል ነገር በአንድ ትንፋሽ አባከኑት። በመሐሉ ማስታወቂያ እንኳ የለም።

ከ14ቱ መጻሕፍት ስንቱ በገንዘብ ተገዛ ብላችሁ ግን እንዳትጠይቁ። ያቺ ለማኪያቶው ፎቶ የምታገለግለው አንዷ ናት፤ የቀረው ከቴሌግራም የወረደ ፒዲኤፍ ነው። ሰሞኑን መጽሐፍ አዟሪው፣ ያ ከክንዱ እስከ አገጩ መጽሐፍ ደርድሮ ካፌ ለካፌ የሚዞረው ልጅ፣ ወደ ጠረጴዛቸው ጠጋ አለ። አንደኛው ቀና እንኳ ሳይል «ፒዲኤፉን የለህም?» አለው። ተሳሳቁ። አዟሪው ያጋደለውን ቁልል በአገጩ አስተካክሎ ወደ ቀጣዩ ጠረጴዛ አለፈ።

ምኑ ነው የሚያስቀው? ይህ ሌብነት ነው። አንድ ሰው ዓመታት አምጦ ይጽፋል፣ ተበድሮ ያሳትማል፤ መጽሐፉ በወጣ በሳምንቱ አንዱ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቶ ይበትነዋል፤ ሌላው አውርዶ «14 ጨረስኩ» ይላል። ኪሱ ባዶ የሆነ ተማሪ በተሰነጠቀ ስልኩ ቢያነብ ቃል አይወጣኝም፤ ወረቀቱ ከውጭ እየገባ፣ ማተሚያው እየተወደደ፣ መጽሐፍ የማይቀመስ ሆኗል። በቀን ሦስት ማኪያቶ የሚጠጣው፣ የሁለት ሰው ሥጋ ብቻውን የሚያዘው ግን ምን ምክንያት አለው? በደራሲው ድካም ስም ያገኛል፣ ተከታይ ያገኛል፤ ለደራሲው አንዲት ብር አትደርሰውም። ያ አዟሪ ነገ ሥራውን ትቶ ሲም ካርድ መሸጥ ሲጀምር ደግሞ «የንባብ ባህላችን ሞተ» የሚል ረጅም ጽሑፍ የሚያወጣው ይኸው ሰው ነው።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ፤ ቆጣሪዎቻችን የሠሩልን ቀላል ውለታ አይደለም። ድሮ ሽማግሌ ሲላክ የሚጠየቀው የታወቀ ነበር፦ ስንት ጥማድ መሬት አለው? ስንት በሬ? አሁን መሬቱም በሬውም በሳሳበት ዘመን ሽማግሌዎቹ ባዶ እጃቸውን አይቀርቡም። «ልጃችን በወር 14 መጽሐፍ፣ 22 ፊልም አለው» ይበሉ። የልጅቷ አባት ኩታቸውን ሰብሰብ አድርገው «ፖድካስትስ?» ይላሉ። «41 ክፍል፣ ጌታዬ።» ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል።

እኔን የሚያሳስበኝ ጳጉሜ ናት። 5 ቀን ብቻ ስለሆነች ለሪፖርት አትመችም። አንዱ ግን ገና በሰኔ «ጳጉሜን በ5 ቀን 5 መጽሐፍ» ብሎ አውጇል፤ አምስቱንም ከወዲሁ አውርዷቸዋል፤ ለአምስቱም ማጠቃለያ ቪዲዮ አግኝቷል። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜ 6 ስትሆንስ ያችን ትርፍ ቀን ምን ታደርጋታለህ? አልኩት። አላሰበበትም ነበር። ምናልባት ከአምስቱ የወደድከውን አንዱን ደግመህ ታነበው ይሆናል ብለው፣ ምን ዓይነት ሰው ነው በሚል ዓይን አየኝና፦

«ድጋሚማ አይቆጠርም።»