«ሰውነቱ ብረቱን አልቀበል ብሎ ነው» ለሚለው እርማት

እህቴ፣ የአባትሽ ሰው ሠራሽ ጉልበት መግል የያዘው «ሰውነታቸው ብረቱን አልቀበል ብሎ ነው» ብለሻል። ብዙ ሰው እንዲህ ይላል፤ ግን ልክ አይደለም። የብረት አለርጂ ያለበት ሰው አለ፤ አለርጂ ግን መግል አያስይዝም። ታይታኒየም እንዲያውም ከአጥንት ጋር ይጣበቃል።

መግሉን የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቆዳችን ላይ የሚኖረው ስታፊሎኮከስ። ብረቱ ላይ ይለጠፍና የሚያሙለጨልጭ ስስ ሽፋን ይሠራል። የወንዝ ድንጋይ ላይ የሚይዘውን ልጋግ አስቢው። ብረት ደም ሥር የለውም፤ ሽፋኑ ውስጥ የተደበቀውን ባክቴሪያ የሚዋጥ መድኃኒት ብቻውን አይጨርሰውም።

ተመራማሪዎች የሚደክሙትም ባክቴሪያው መጀመሪያውኑ እንዳይለጠፍ ነው። በ1970 እ.ኤ.አ. የጀርመን ሐኪሞች ጄንታማይሲን የተባለ ባክቴሪያ ገዳይ መድኃኒት የተቀላቀለበት የአጥንት ሲሚንቶ (ብረቱን ከአጥንት ጋር የሚያጣብቅ ማጣበቂያ) አስተዋወቁ፤ ዛሬም ይሠራበታል። አጥንታቸው በካንሰር ምክንያት ለተቆረጠባቸው ሰዎች ደግሞ ባክቴሪያን የሚከላከል የብር ማዕድን የተቀባ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ አለ። ሁሉም አደጋውን ይቀንሳሉ እንጂ ዜሮ አያደርጉትም።

እባክሽ «አልተቀበላቸውም» ብላችሁ ቤት አታስቀምጧቸው። ዛሬውኑ ለቀዶ ሐኪማቸው ደውሉ። ቶሎ ከተደረሰበት ብረቱ ሳይወጣ ታጥቦ የመዳን ዕድል አለ።